የ«ሚግ» ብየዳ ስያሜዎች አተረጓጎም፦ ሒሳዊ አስተያየት

የሙያ ቃል አተረጓጎም አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው ከሥርወ ቃሉ ጋር ባለው ዝምድናና በአነጋገሩ ውበት ነው። ቃሉ ወደ ፋብሪካና ወደ ጋራዥ ሲገባ ግን ሌላ መመዘኛ ይጨመርበታል፤ ይኸውም ሠራተኛው ቃሉን ሰምቶ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። «ሚግ» የተባለው የብየዳ ስልት ስያሜዎች በዚህ መመዘኛ ሲታዩ፣ ቃል በቃል የተተረጎሙት አቻዎች ከማሻማት አልፈው ለአደጋ የሚያጋልጡ ሆነው ይገኛሉ።

«ሚግ» ብረት፣ ኢነርትና ጋዝ የሚል ፍቺ ያላቸው የሦስት እንግሊዝኛ ቃላት ምሕጻር ነው። በዚህ ስልት ከጥቅል የሚመጣ ቀጭን ሽቦ ያለማቋረጥ ይገፋል፤ በሽቦውና በሚበየደው ብረት መካከል የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ቅስት ሁለቱንም ያቀልጣል፤ ጋዙም አየር ወደ ቅላጩ እንዳይደርስ ይከላከላል። ጋዙ አይነድም፣ ሙቀትም አይሰጥም። በእኛ ዘንድ ግን «ጋዝ ብየዳ» ሲባል በአእምሮ የሚመጣው የኦክሲጅንና የአሴቲሊን ነበልባል ነው። ስለዚህ ተግባሩን የሚገልጸው «ከለላ ጋዝ» ከደረቁ «የብየዳ ጋዝ» ይሻላል።

ዋናው ችግር «ኢነርት» የሚለው ቃል ነው። (የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል የግእዙ አፍራሽ «ኢ» አድርጎ የሚያነብ ቢኖር አይፈረድበትም።) ፅንሰ ሐሳቡ ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር በቀላሉ አለመዋሐድን ያመለክታል። በ1894 እ.ኤ.አ. የተገኘው አርጎን ስሙን ያገኘው «ሥራ ፈት» ከሚል የግሪክ ቃል መሆኑም ከዚሁ ጠባዩ የተነሣ ነው። ይህን «ጉዳት የለሽ» ብሎ መፍታት ፈጽሞ ስሕተት ነው። አርጎን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከአየር በ38 በመቶ ገደማ ይከብዳል። በታንክ ወይም በጉድጓድ ውስጥ ሲጠራቀም አየሩን ገፍቶ ያስወጣል፤ በያጁም አንዳች ምልክት ሳይሰማው ራሱን ይስታል። «ጉዳት የለሽ» የሚለውን ያነበበ ሰው የአየር ማስገቢያ ለምን ያዘጋጃል? «የማይዋሐድ ጋዝ» ማለት ግን ስለ ኬሚካዊ ጠባዩ ብቻ ይናገራል፤ ያልተሰጠውን ዋስትና አይሰጥም።

ከዚህም በላይ፣ ለተራ ብረት የሚውለው ከለላ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ አርጎን አይደለም፤ ለምሳሌ 75 በመቶ አርጎንና 25 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተደባለቀበት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቅስቱ ሙቀት ስለሚፈርስ በቅላጩ ላይ ይሠራል። ስለዚህ የዓለም አቀፉ ደረጃ 4063 በጥቅል ሽቦ የሚሠራውን ሚግን በ131፣ ማግን በ135 ቁጥር ይለያቸዋል። ሁለቱም በውሰት እንዳሉ ይቆዩ፤ የጋራ መጠሪያቸው «በከለላ ጋዝ የሽቦ ብየዳ» ቢሆን ይበቃል።

ሌላው አሳሳች አቻ «የመሬት ገመድ» ነው። ይህ ገመድ ኤሌክትሪኩን ከሚበየደው ብረት ወደ መሣሪያው ይመልሳል እንጂ ሰውን ከንዝረት የሚጠብቀው የመሬት መስመር አይደለም። ስሙን አምኖ መቆንጠጫውን በሕንፃው ምሰሶ ላይ የሚያስር ሰልጣኝ፣ ኤሌክትሪኩን ባልታሰበ መንገድ፣ በሰንሰለትና በኩሽኔታ ጭምር እንዲመለስ ያደርገዋል። «ኔጋቲቭ ገመድ» ማለትም አያዋጣም፤ በጥቅል ሽቦና በከለላ ጋዝ ሲበየድ ኔጋቲቭ ቢሆንም፣ ያለ ጋዝ በሚሠራባቸው የዱቄት እምብርት ባላቸው ሽቦዎች ብዙውን ጊዜ ፖዘቲቭ ይሆናል። «የመመለሻ ገመድ» በሁሉም ዘንድ ይሠራል።

«የሽቦ ፍጥነት» ትክክል ነው፤ ነገር ግን በመዝገበ ቃላት ማብራሪያ ያስፈልገዋል። መቆጣጠሪያው ሥራውን ለማፋጠን የተሠራ አይደለም፤ የኤሌክትሪኩን መጠን የሚወስነው በዋናነት እርሱ ነው፤ ቮልቱ ደግሞ የቅስቱን ርዝመት ይወስናል። «የሥራ ዑደት» የተባለውም ዕረፍትን ይደብቃል። በ200 አምፔር 60 በመቶ የተጻፈበት መሣሪያ፣ በዚያ መጠን ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6ቱን ብቻ በይዶ 4ቱን መቀዝቀዝ አለበት ማለት ነው። «የብየዳና የዕረፍት ድርሻ» ቢረዝምም ይህን ይናገራል።

በአንድ ነገር አማርኛ ከእንግሊዝኛው ይሻላል። እንግሊዝኛው ሰውየውንና መሣሪያውን በአንድ ቃል ሲጠራ፣ እኛ «በያጅ»ና «መበየጃ» ብለን እንለያለን። መሣሪያውን «ሚግ በያጅ» እያሉ የሚጽፉ ተርጓሚዎች ይህን ልዩነት በከንቱ ያጠፉታል። የሽቦውን እጀታ «ጠመንጃ» ስለሚለው አቻ ግን ብዙ መናገር አያስፈልግም።