«ጥይት» ስንል ምን ማለታችን ነው?
ስለ ቆዩ የአደን ጠመንጃዎች በተተረጐመ አንድ ረቂቅ ላይ የቀረበ ሂስ

አንድ አሳታሚ ከእንግሊዝኛ ወደ ዐማርኛ ያስተረጐመውን የአደን መመሪያ ረቂቅ፣ ሙያዊ ቃላቱን እንድንመረምርለት ልኮልን ነበር። ረቂቁ ለአስጐብኚዎች፣ ለሙዚየም ዕቃ ጠባቂዎችና ፈቃድ ላላቸው አዳኞች የታሰበ ነው። ከምዕራፎቹ አንዱ ለቆዩ የአደን ጠመንጃዎች ጥይት ስለ ማግኘትና የተተኰሰውን ቀለህ ዳግም ስለ መሙላት ይናገራል። ይህ ሐተታ የሚያተኩረው በዚያ ምዕራፍ ላይ ብቻ ነው። በሌላ መጽሐፍ ውስጥ የቃል ስሕተት አንባቢን ቢያደናግር ነው፤ በዚህ ምዕራፍ ግን ጉንጩን ከሰደፍ ላይ ያሳረፈን ሰው ዐይኑን ሊያሳጣው ይችላል።

ረቂቁን በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ መመርመር ብቻውን ስላልበቃን፣ የቃላቱን ዝርዝር ይዘን ወደ ከሚሴና ወደ ባቲ ሄድን። ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዐማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ፣ ዐማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ቤት ሲነገሩ የሚሰሙባት ከተማ ናት። የባቲ የሰኞ ገበያ ደግሞ በእነዚህ ላይ አፋርኛን ይጨምራል። ቃል ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ትርጉሙ የሚጠራበትንም የሚደበዝዝበትንም መንገድ እዚያ በቅርብ መመልከት ይቻላል።

ወደ ነቀፌታው ከመግባታችን በፊት ለተርጓሚው የሚገባውን እንስጠው። ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭርና ጥሩ ዐማርኛ ናቸው። ቁጥሮቹን ሳይለውጥ አስፍሯል። የቀለህን «አንገት» እና «ትከሻ» በቀጥታ መተርጐሙም ተገቢ ነው፤ ሁለቱም ቋንቋዎች ዕቃውን በሰው አካል መስለው ስለሚጠሩት አንባቢ አይሳሳትም። ችግሩ የሚጀምረው ምስሉ ከሁለቱ ቋንቋዎች ጋር በማይገጥምበት ቦታ ነው።

1. አንድ ቃል ለብዙ ነገር

አንድ ሙሉ ጥይት ከአራት ክፍሎች የተሠራ ነው፦ ብዙውን ጊዜ ከናስ ከሚሠራው ዕቃ፣ በዕቃው ግርጌ ከሚቀመጠው መለኮሻ፣ በውስጡ ከሚሞላው ባሩድና በአፉ ላይ ከሚተከለው ተወርዋሪ። ረቂቁ ሙሉውንም፣ ዕቃውንም፣ ተወርዋሪውንም «ጥይት» ይላቸዋል። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ «ጥይቱን ካጸዱ በኋላ አዲሱን ጥይት በጥይቱ አፍ ላይ ይትከሉ» የሚል ዐረፍተ ነገር እናገኛለን። ሰዋስዉ እንከን የለውም፤ ነገር ግን በዚህ ዐረፍተ ነገር ተመርቶ ሥራውን የሚፈጽም ሰው አይገኝም።

ይህን ዐረፍተ ነገር በከሚሴ አቅራቢያ ለአንድ ሽማግሌ አነበብንላቸው። ሽማግሌው ከአባታቸው የወረሱት ለበን አላቸው፤ የሚስማማው ጥይት ካለቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ባዶዎቹን ቀለሆች ግን በጨርቅ ቋጥረው አኑረዋል። አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ይህን የጻፈው ሰው ተኩሶ አያውቅም» አሉን። «ቀለህ ከእጅህ ይቀራል፤ ዓረር ይሄዳል፤ ባሩድ ይነድዳል። የቀረውን በሄደው ስም ስትጠራው ምን ይባላል?»

ከዚህ የተሻለ ፍቺ እኛም አልጻፍንም። ሽማግሌው ሦስቱን ቃላት በየሥራቸው ለይተዋል፤ ቃላቱም አዲስ አይደሉም፣ በቋንቋው ውስጥ ኖረዋል። «ዓረር» በግእዝ የማዕድኑ የእርሳስ ስም ነበር፤ በዐማርኛ ከማዕድኑ ወደሚሠራው ነገር ተሻገረ። ኦሮምኛም በዚሁ መንገድ ሄዷል፤ «ረሳሳ» የሚለው ቃል እርሳስ ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ሆኖ ዛሬ ጥይት ማለት ነው። ያው የዐረብኛ ቃል በዐማርኛ «እርሳስ» ሆኖ ማዕድንነቱን ጠብቆ ቀረ፤ በኋላም የተማሪ መጻፊያ መጠሪያ ሆነ። በከሚሴ የሚሠራ ተርጓሚ ይህን ማወቅ ይኖርበታል። «ረሳሳ» በዕለት ንግግር ለሙሉ ጥይትም ለዓረርም ስለሚያገለግል፣ የዐማርኛው ጽሑፍ ራሱ ካልለየ በኦሮምኛው ትርጉም ውስጥ ልዩነቱ ፈጽሞ ይጠፋል።

2. ሁለት ባሩዶች

ረቂቁ «ባሩድ ይሞላል» ብሎ ያልፋል። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ግን ሁለት ዓይነት ባሩዶችን ለይቶ ይናገራል። አንዱ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው ከጨው ጴጥሮስ፣ ከከሰልና ከድኝ የሚቀመመው ጥቁር ባሩድ ነው። ሌላው በ1884 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ የሠራው ጢስ አልባ ባሩድና እርሱን ተከትለው የመጡት ናቸው። ጢስ አልባው በተመሳሳይ መጠን እጅግ የበለጠ ኀይል አለው። ለጥቁር ባሩድ በተሠራ አሮጌ ጠመንጃ ውስጥ ጢስ አልባውን በጥቁሩ ልክ ሞልቶ መተኰስ ጠመንጃውን ሊያፈነዳው ይችላል።

«ባሩድ» ከዐረብኛ የተዋስነው ቃል ነው፤ ወደ እኛ የገባውም ባሩድ ሁሉ አንድ ዓይነት በነበረበት ዘመን ነው። ነገሩ ሁለት ከሆነ በኋላ ቃሉ አንድ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ በሙያዊ ጽሑፍ «ባሩድ» ብቻውን እንዳይቆምና ሁልጊዜ «ጥቁር ባሩድ» ወይም «ጢስ አልባ ባሩድ» እንዲባል አጥብቀን እናሳስባለን። ረቂቁ ሌላ ስሕተት ባይኖርበት እንኳ በዚህ ብቻ ለሕትመት ሊበቃ አይገባውም ነበር።

3. ራስ፣ ናስ፣ ማጉረስ

በእንግሊዝኛ የቀለሁ መቀመጫ፣ መለኮሻው የሚገባበት ወገን፣ «ራስ» ይባላል። ረቂቁ ቃሉን እንዳለ ወስዶ «የቀለሁን ራስ ስንጥቅ እንዳለው ይመርምሩ» ይላል። በከሚሴም በባቲም የጠየቅናቸው ሁሉ ጣታቸውን ያሳረፉት በሾለው ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ አንባቢው ደኅናውን ወገን መርምሮ የተሰነጠቀውን ይሞላል ማለት ነው። ሕዝቡ ይህን ወገን «ቂጥ» ይለዋል። የመጽሐፍ ቋንቋ ይህን ቃል ቢያፍርበት «ግርጌ» የሚል አለለት።

«ናስ» የሚለውም እንዲሁ ነው። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ አዳኞች ቀለህን በተሠራበት ማዕድን ስም ይጠሩታል። ረቂቁ «ከተኩስ በኋላ ናስ ይሰብስቡ» ሲል፣ በባቲ ገበያ ያነጋገርናት ሴት የተሰበረ የናስ ዕቃ የምንገዛ መስሏት ነበር። እንግሊዝኛው በማዕድኑ ዕቃውን ይጠራል፤ ዐማርኛው በዚህ ቦታ አይጠራም። መጻፍ ያለበት «ቀለህ» ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን የግሡ መጥፋት ነው። የእንግሊዝኛው ግሥ ለጠመንጃውም ለቀለሁም አንድ ሲሆን፣ ረቂቁ ለሁለቱም «ማጉረስ» ብሏል። በዐማርኛ ጠመንጃ ይጐርሳል፤ ቀለህ ግን ይሞላል። ቋንቋችን ከምንጩ ቋንቋ ይልቅ ጠርቶ በሚናገርበት ቦታ ተርጓሚው ልዩነቱን በገዛ እጁ ማጥፋቱ የሚያስቆጭ ነው።

4. የሰው ስምና የብረት ልክ

የቆዩ ጠመንጃዎቻችን ስሞች ለሥነ ድምፅ ተማሪ የበለጸጉ ምሳሌዎች ናቸው። የፈረንሳዮቹ «ፊዚ ግራ» ውጅግራ፣ የሌቤል ስም ለበን፣ የስናይደር ስም ሰናድር፣ የማንሊኸር ስም ምንሽር፣ የቤልጅግ አገር ስም በልጅግ ሆኗል። በለበን ውስጥ «ል» ወደ «ን» ሲለወጥ፣ በምንሽር ውስጥ የጀርመንኛው የላንቃ ድምፅ «ሽ» ሲሆን፣ በሰናድር መነሻ ላይ የተጣመሩት ተነባቢዎች በአናባቢ ሲለያዩ እናያለን።

ነገር ግን እነዚህ ስሞች የሰው ወይም የአገር ስሞች እንጂ የልክ ስሞች አይደሉም። መዝገበ ቃላት «የጠመንጃ ዓይነት» ብሎ ሲፈታቸው ለተርጓሚው የሚሰጠው ምንም የለም። ረቂቁ ጕድለቱን የሞላ መስሎት በየስሙ አንድ ቁጥር ጨመረ፤ በዚህም ነገሩን ይበልጥ አጨለመው። «8 ሚሊ ሜትር» ብሎ የጻፈው ቢያንስ ሦስት የማይተካኩ ጥይቶችን ያቅፋል። የሌቤል ጥይት 8×50 ሲሆን የማንሊኸር አንደኛው ጥይትም እንዲሁ 8×50 ይባላል፤ ሁለቱም ግርጌያቸው ከንፈር ያለው ሆኖ ሳለ ቅርጻቸው ይለያያል። ሦስተኛው በተለምዶ «ስምንት» የሚባለው የሞዘር 7.92×57 ነው፤ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የገቡት ቤልጅግ ሠራሽ የኤፍ.ኤን. ሞዘሮች ይህን ይተኩሳሉ። የዚህ የሞዘር ጥይት ዓረር ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ የ1888ቱ 8.08 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በ1905 እ.ኤ.አ. የመጣው ደግሞ 8.2 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ሰፊውን ዓረር ለጠባቡ በተሠራ አፈሙዝ ውስጥ መተኰስ አደገኛ ነው። የ6.5 ጥይቶችም ታሪክ ይህንኑ ይመስላል፤ የጣሊያኑ ካርካኖ 6.5×52፣ የማንሊኸር ሸናወር ደግሞ 6.5×54 ነው።

እንግዲህ «ካሊበር» የሚለውን የውሰት ቃል ለአፈሙዙ ስፋት ትተን፣ ሁለቱንም ቁጥሮች በአንድነት የሚይዘውን «የጥይት ልክ» ብንለው መልካም ነው። መዝገበ ቃላትም እንዲህ ቢጽፍ ተገቢ ይሆናል፦

ውጅግራ፦ ስም፤ ከፈረንሳይኛ «ፊዚ ግራ»። የ1874 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ጠመንጃ። የጥይት ልክ 11×59፤ ጥቁር ባሩድ። አንድ በአንድ የሚጐርስ።

ለበን፦ ስም፤ ከሌቤል። የ1886 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ጠመንጃ። የጥይት ልክ 8×50፤ ጢስ አልባ ባሩድ። ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ ስምንት ጥይት የሚይዝ።

ሁለቱን ጐን ለጐን ያነበበ ሰው አንዱ ለሌላው እንደማይሆን በአንድ ዐይን ያያል። የለበኑ ቀለህ የተወለደው ከውጅግራው ቀለህ መሆኑን፣ ወፍራም ግርጌውንም ከእርሱ መውረሱን ስናውቅ ደግሞ፣ ዝምድና መተካካትን እንደማያስከትል እንረዳለን። ተመሳሳይ ሥር ካላቸው ቃላት ጋር ለምንሠራ ሰዎች ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም።

ይህ ጥንቃቄ ለታሪክ ተርጓሚም ያስፈልጋል። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ወደ መቅደላ የመጡት ስናይደር ይዘው ነው። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የዘመተው ሠራዊት ልዩ ልዩ ልክ ያላቸው ጠመንጃዎች ነበሩት። ከዚያም በኋላ የውጅግራ ጥይት ከጠገራ ብርና ከአሞሌ ጨው ጋር በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይተላለፍ ነበር። ስለዚህ በዘመኑ ሰነድ ውስጥ «ጥይት» የሚለውን ያገኘ ሰው፣ የሚተኰሰውን ወይም የሚመነዘረውን እንደሚያመለክት መጠየቅ አለበት።

5. አጋዘን ያልሆነው አጋዘን

የምዕራፉ ርእስ «የአጋዘን ጠመንጃ» ይላል። የእንግሊዝኛው ቃል የሚያመለክተው ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥለውን እንስሳ ነው፤ ይህ እንስሳ በአገራችን የለም። አጋዘን ቀንዱን አይጥልም። በአካልም ይለያያሉ፤ የታላቁ አጋዘን ወንድ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ሲችል፣ የአሜሪካው ባለ ነጭ ጅራት ብዙውን ጊዜ የዚህን ግማሽ ያህል ነው። ለትንሹ የተመረጠ ጥይት ትልቁን አቍስሎ ይለቀዋል። ኦሮምኛ ተናጋሪዎች «ገደምሳ» ሲሉ የሚያስቡት ይህንኑ የእኛን አጋዘን ነው፤ ስለዚህ ስሕተቱ ወደዚያም ይሻገራል። እኛም ቀደም ሲል ባዘጋጀነው አንድ ዝርዝር ውስጥ ይህንኑ ስሕተት ሳንጠራጠር አስፍረናል፤ አሁን እንመልሰዋለን። ከመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም የምናውቀውና በመዝሙረ ዳዊት የሚገኘው «ዋላ» ለዚህ የባዕድ እንስሳ ቢሰጥ፣ አጋዘን፣ የደጋ አጋዘን፣ ድኩላና ሚዳቋ እያንዳንዳቸው ስማቸውን ይዘው ይቀራሉ።

6. መደምደሚያ

በመጨረሻ፣ ምዕራፉ በዐማርኛ መኖሩ ተገቢ ነውን? የሚል ጥያቄ ቀርቦልናል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። የከሚሴና የአካባቢዋ ሕዝብ በ2013 ዓ.ም. በደረሰው ግጭት የተኩስን ጉዳት በቅርብ አይቷል። አደን በሕግ፣ የጦር መሣሪያ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 በፈቃድ የሚገዛ ነው። ስለዚህ ያለ ፈቃድ ጥይት ለመሙላት የሚያበቃ የአሠራር መመሪያ እንዲወጣ አንደግፍም፤ ምዕራፉ ዕቃውን ለመለየትና አደጋውን ለማስጠንቀቅ በሚበቃ ሐተታ እንዲተካ ለአሳታሚው ጽፈናል። ስሞቹ ግን ሊደበዝዙ አይገባም። መሣሪያ የሚመዘግብ ጸሓፊ፣ የፍርድ ቤት አስተርጓሚና የሙዚየም ዕቃ ጠባቂ በእጃቸው ያለውን በትክክል መጥራት አለባቸው።

ለውሳኔ የምናቀርባቸው ቃላት እነዚህ ናቸው፦ ለሙሉው «ጥይት»፤ ለዕቃው «ቀለህ»፤ ለተወርዋሪው «ዓረር»፤ ለግርጌው እሳት ሰጪ «መለኮሻ»፤ ለሁለቱ ቅመሞች «ጥቁር ባሩድ» እና «ጢስ አልባ ባሩድ»፤ ለሁለቱ ቁጥሮች «የጥይት ልክ»። ከእነዚህ ውስጥ እኛ ያቀረብናቸው «መለኮሻ»ን፣ «የጥይት ልክ»ንና የባሩዶቹን ቅጽሎች ብቻ ነው፤ የቀሩትን ሕዝቡ አስቀድሞ ለይቶ አኑሮልናል። አንባቢያን በየአካባቢያቸው ለመለኮሻው የሚነገር ሌላ ቃል ካገኙ ቢልኩልን የእኛን በደስታ እንተዋለን።