የመድኃኒት ጉዳትና የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፥ ከዲመካ ሲታይ

በዲመካ የቅዳሜ ገበያ የታመመች ፍየል የገዛ ሰው ሻጩን ያውቀዋል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ አግኝቶ ሊከራከረው፥ ሽማግሌም ሊቀመጥለት ይችላል። ከጤና ጣቢያ የተሰጠው ኪኒን የጎዳው ሰው ግን ከማን ጋር ይከራከራል? በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ይልቁንም ከውል ውጭ ስለሚደርስ አላፊነት የሚናገረውን ክፍል፥ በዚህ ጥያቄ ልንመዝነው አሰብን።

አንዲት የሐመር እናት ኮትሪሞክሳዞል የተባለውን መድኃኒት በታዘዘላት መጠን ወሰደች እንበል። መድኃኒቱ ለብዙ ሰው ይጠቅማል። ነገር ግን አልፎ አልፎ ቆዳን እንደ እሳት ቃጠሎ የሚልጥ፥ አፍንና ዓይንን የሚያቆስል፥ ስቲቨንስ ጆንሰን የሚባል ሕመም ያስነሣል። እናቲቱ ከሞት ብትተርፍ እንኳ ዓይኗ ሊጠፋ ይችላል። ያዘዘላት ባለሙያ አልተሳሳተም፤ ኪኒኑም አልተበላሸም።

በቁጥር 2031 መሠረት ባለሙያ የሚጠየቀው የሙያውን ደንብ ሲተላለፍ ነው። ቁጥር 2651ም ሐኪም ቤቱን አላፊ የሚያደርገው በሠራተኞቹ ጥፋት ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የክሊኒኩ ነርስ መርፌ ከመውጋቷ በፊት «ከዚህ ቀደም ያልተስማማህ መድኃኒት አለን?» ብላ ትጠይቀን ነበር። ይህን የጠየቀ የድርሻውን አድርጓል፤ እርሱን መክሰስ ደግ አይመስለንም።

የተሻለው በር ቁጥር 2085 ነው። ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፥ በዕቃው በደንበኛ አኳኋን ሲገለገሉበት ለሚደርሰው ጉዳት አላፊ ነው፤ በቁጥር 2086ም ጥፋት የለብኝም ማለት አያድነውም። የቁጥር 2085 ሁለተኛው ንኡስ ስለ ጉድለት ያነሣልና፥ ጉድለት የሌለበት ኪኒን አላፊነት አያመጣም የሚል ተከራካሪ ይኖራል። እኛ በዚህ አንስማማም። የመጀመሪያው ንኡስ የሚጠይቀው ጉዳትንና ደንበኛ አገልግሎትን ብቻ ነው፤ ጉድለት የተነሣው በተለመደ ምርመራ ሊታይ የሚችለውን ለማስቀረት ነው። የኪኒንን ጠባይ ደግሞ እንደ ፍየል ጥርስ ገልጦ የሚያይ ገዢ የለም።

የሆነ ሆኖ ይህ ድል በወረቀት ላይ የቀረ ነው። ሠሪው ባሕር ማዶ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥር 2143 ለካሣ ጥያቄ የሚሰጠው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ሐመርኛ ብቻ የምትናገር ሴት ክሷን በአማርኛ ማጻፍ አለባት። ሕጉ የወጣው ታሊዶማይድ በጀርመን ከገበያ ከተነሣበት ከኅዳር 1954 ዓ.ም. በፊት ስለ ሆነ፥ አርቃቂውን ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድን አንወቅስም። ከዚያ ወዲህ ግን ሌሎች አገሮች ተምረዋል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣችው የመድኃኒት ሕግ ሠሪውን ያለ ጥፋት አላፊ አደረገች። ጃፓን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979፥ በትክክል የተወሰደ መድኃኒት ለጎዳው ሰው ከሠሪዎች መዋጮ እንዲከፈለው ደነገገች።

እኛም ለጊዜው ቢሆን ይህን ቀምሰነዋል። በ2013 ዓ.ም. የኮቪድ ክትባት በኮቫክስ በኩል ሲመጣ፥ ክትባቱ ለሞት ወይም ለዘላቂ የአካል ጉዳት ቢዳርግ ጥፋት ሳይፈለግ ካሣ የሚከፈልበት ዝግጅት ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ92 አገሮች ተደርጎ ነበር። ባለሙያዎቻችን የመድኃኒት ጉዳት የሚያስታውቁበት ቢጫ ቅጽም አለ፤ ነገር ግን ቅጹ መረጃ ለመሰብሰብ እንጂ ካሣ ለመጠየቅ የተዘጋጀ አይደለም። ከሚገባው መድኃኒት ዋጋ ጥቂት ተቆርጦ አንድ ማኅደር ቢቋቋምና ቢጫው ቅጽ እንደ ካሣ ማመልከቻ ቢቈጠር፥ ማመልከቻው እዚያው ዲመካ፥ ጉዳቱን ባየው ባለሙያ እጅ ይጻፍ ነበር። አሁን ግን በዚያው ክፍል ክትባቱን የተወጋ ሰው የነበረውን መብት፥ ኪኒን የተቀበለችው እናት አላገኘችም።