ላም አለኝ በሰማይ፦ ስለ «ሪቤት» የቀረበ ሂስ

ሂስ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ልብ ወለድ፣ ግጥም ወይም ቴአትር ነው። እኔ ዛሬ ልተቸው የመረጥኩት ጽሑፍ ግን ደራሲው የማይታወቅ፣ በየቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ የሚገኝና ኪሳችሁን ከማናቸውም መጽሐፍ የበለጠ የነካ ነው። ይኸውም አሜሪካኖች «ሪቤት» የሚሉት፣ ዕቃ ከገዛችሁ በኋላ ሞልታችሁ ብትልኩልን ከከፈላችሁት ገንዘብ ይህን ያህል እንመልስላችኋለን የሚለው ወረቀት ነው። አገር ቤት ሳለሁ የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መምህር ነበርኩ፤ እዚህ ታክሲ እነዳለሁ። የቀድሞው ሙያዬ ስሌቱን፣ የዛሬው ደግሞ የጎማ ዋጋን አስተምሮኛል።

በመጀመሪያ ኩፖንና ሪቤት አንድ አለመሆናቸውን እንወቅ። ኩፖን ገንዘብ ስትከፍሉ እዚያው የሚቀነስ ነው። ታሪኩም ረጅም ነው፤ ኮካ ኮላ ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ አንድ ብርጭቆ በነፃ የሚያስጠጣ ወረቀት ያድል ነበር። ኩፖን ይሠራል ወይም አይሠራም፤ መልሱን ከሱቁ ሳትወጡ ታውቁታላችሁ። ሪቤት ግን ተስፋ ነው። ሙሉውን ዋጋ ዛሬ ትከፍላላችሁ፤ ቅናሹን ግን ስምንትም ሆነ አሥር ሳምንት ትጠብቁታላችሁ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሀብት ይመስለኛል።

ወረቀቱን እንደ አንድ ድርሰት ብናነበው ፊቱና ጀርባው በሁለት ሰዎች የተጻፉ ይመስላሉ። ፊቱ ለጋስ ነው፤ ዋጋው በትልልቅ ቁጥር፣ «ከሪቤት በኋላ» የሚለው ቃል ግን ከሥር በደቃቁ ይታተማል። ጀርባው ደግሞ እንደ ጥብቅ ፈታኝ ነው። ዋናውን ደረሰኝ ላኩ ይላል። ባርኮዱን ከካርቶኑ ላይ ቆርጣችሁ ላኩ ይላል፤ ካርቶኑ አንዴ ከተቆረጠ ግን ዕቃው ቢበላሽባችሁ ሱቁ መልሶ ላይቀበላችሁ እንደሚችል አይነግራችሁም። የፖስታ ቤቱ ማኅተም ከዚህ ቀን እንዳያልፍ፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥር አንቀበልም ይላል።

በተለይ እኛን የሚመለከቱ ሁለት መስመሮች አሉ። አንደኛው «ለአንድ አድራሻ አንድ ብቻ» የሚለው ነው። አንድ አፓርትመንት ለአራት የተከራዩ ወንድሞች በአባት ስም ቢለያዩም አድራሻቸው አንድ ስለሆነ ከአራቱ የሚከፈለው አንዱ ብቻ ነው። ሁለተኛው የስማችን ጉዳይ ነው። ደረሰኙ ላይ ባንድ ዓይነት፣ ቅጹ ላይ በሌላ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ስም ለውድቅነት በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ቼኩ ቢመጣም ስሙ ተሳስቶ ከታተመ ከባንክ ጋር ሌላ ክርክር ይጠብቃችኋል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። እንበልና አንዱ ሱቅ አራት ጎማ በ640 ዶላር ይሸጣል፣ የ100 ዶላር ሪቤትም አለው፤ ማስታወቂያው «540» ይላል። ማዶ ያለው ሱቅ ተመሳሳዩን ጎማ ያለ ምንም ወረቀት በ560 ይሸጣል። እንደ ሜሪላንድ የሽያጭ ታክሱ 6 በመቶ በሆነበት ስቴት ታክሱ የሚታሰበው በ640ው ላይ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሱቅ 678 ዶላር ከ40 ሳንቲም ያስከፍላችኋል፤ ሁለተኛው 593 ከ60። መቶዋ ዶላር ብትመጣ የመጀመሪያው በ15 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይረክሳል። በዓመት 24 በመቶ ወለድ በሚያስከፍል ክሬዲት ካርድ ከገዛችሁ ደግሞ መቶዋ ዶላር እስክትመለስ ባለው ሁለት ወር ተኩል 5 ዶላር ይበላል። የቀረችው ትርፍ 10 ዶላር ናት። መቶዋ ብትቀር ግን ኪሳራው 85 ዶላር ገደማ ነው። ከአሥር ሪቤት ዘጠኙ ያህል ካልተከፈላችሁ በስተቀር ማዶ ያለው ሱቅ ይሻላችሁ ነበር ማለት ነው።

ገንዘቡ አይመጣም እያልኩ አይደለም። ጠንቃቃ ሰው ቼኩን ይቀበላል፤ እኔም ተቀብያለሁ። ነገር ግን ሥርዓቱ የቆመው በጠንቃቃው ላይ ሳይሆን በዝንጉው ላይ ነው። በንግዱ ዓለም ሳይጠየቅ ለሚቀረው ሪቤት «ብሬኬጅ» የሚል የራሱ ስም ወጥቶለታል። ስም የወጣለት ነገር በበጀት ውስጥም ቦታ አለው። ሁላችንም በሰዓቱ ሞልተን ብንልክ ኖሮ ያ ትልቅ ቁጥር ማስታወቂያው ላይ ባልታተመ ነበር።

ይህ የአንድ ታክሲ ነጂ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሦስት ነጋዴዎችን በ«ነፃ» ወይም በርካሽ ኮምፒዩተር ማስታወቂያቸው ጠይቋል፤ የ400 ዶላሩ ሪቤት የሚገኘው የሦስት ዓመት የኢንተርኔት ውል በመፈረም ነበርና። በ2005 ደግሞ ኮምፕዩኤስኤ የተባለው ድርጅት በዘገዩና ባልተከፈሉ ሪቤቶች ተከሶ ከኮሚሽኑ ጋር ተስማማ። በዚያው ዓመት ቤስት ባይ፣ በ2006 ደግሞ ኦፊስ ማክስ በፖስታ የሚላከውን ሪቤት እንደሚተዉ አስታወቁ፤ ደንበኞቻቸው ተማርረው ነበር። በኮነቲከት ስቴት ደግሞ ከሪቤት በኋላ ያለውን ዋጋ የሚያስተዋውቅ ሱቅ ቅናሹን እዚያው መስጠት አለበት። ይህ ደንብ በየስቴቱ ቢኖር ኖሮ ሂሴ ባላስፈለገ ነበር።

ዛሬ የፖስታው ሪቤት ቢቀንስም አልጠፋም፤ በጎማና በዓይን ሌንስ ላይ አሁንም አለ። ብዙ ጊዜ የሚከፈለውም ጊዜው በሚያልፍበት ካርድ ነው። ሌላው ሁሉ ወደ ስልክ ገብቷል፤ ደረሰኛችሁን ፎቶ አንሥታችሁ ስትልኩ ጥቂት ሳንቲም ይሰጣችሁና ምን እንደምትበሉ ይመዘገባል። ከዚህ የከፋው በአንዳንድ ሱቆች በስልክ ብቻ የሚገኘው ቅናሽ ነው። እንግሊዝኛ የማያነቡና ዘመናዊ ስልክ የሌላቸው እናቶቻችን ከአንድ መደርደሪያ ያነሡትን አንድ ዘይት ከኛ በላይ ከፍለው ይወስዳሉ። ቅናሹ ያልደረሰው ለማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ በጣም ለሚያስፈልገው ሰው ነው።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ዋጋ ማለት ከሱቁ ስትወጡ ደረሰኙ ላይ የታተመው ነው፤ በእርሱ አወዳድሩ። በሙሉ ዋጋው የማትገዙትን ዕቃ በሪቤት አትግዙ። ከገዛችሁ ግን በዚያው ምሽት ሙሉ፣ ከመላካችሁ በፊት ኮፒ አስቀሩ፣ ቀኑን ካላንደር ላይ ጻፉ፤ ገንዘቡ የእናንተው ነውና አትተዉት።

አንድ ልመና ልጨምር። አገር ቤት ፊደል የቆጠረ ልጅ ለመንደሩ ደብዳቤ አንባቢ ነበር። እዚህ ደብዳቤው ቀርቶ የኩፖኑ ጀርባ መጥቷል። ማንበብ የምትችሉ ለጎረቤታችሁ አንብቡላቸው፤ የእማማን ስልክ ተቀብላችሁ ቅናሹን አስገቡላቸው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።