የምጽዋን ስም የያዘው ፍጥረትና ስለ እርሱ የሚነገረው ታሪክ

ስለ ማንቲስ ሽሪምፕ በእኛ በተማሪዎች መካከል የሚነገረው ታሪክ አጭርና አስደናቂ ነው። ይኸውም ፍጥረቱ በቡጢው የቀንድ አውጣን ቅርፊት ይፈረካክሳል፤ የሰው ዓይን ሦስት ዓይነት የቀለም ተቀባይ ሲኖረው የእርሱ አሥራ ሁለት ስላለው፣ እኛ ልናስበው የማንችለውን ቀለም ያያል የሚል ነው። ይህን ታሪክ እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ለሌላውም ነግሬዋለሁ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ታሪኩ ፈጽሞ ሐሰት ነው ለማለት አይደለም። ስለ ጥቂቶቹ እውነት የሆነውን ለሁሉ ማልበሱን፣ ይልቁንም በዓሣ አጥማጆች ውሃ የሚኖረውን ዝርያ መዘንጋቱን ለመንቀፍ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ማሽላው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፉን የሚያጮኽ ልጅ «ወፍ መጣ» ብሎ ብቻ አያልፍም። የመጣው ግሪሳ እንደ ሆነ ወይም ሌላ ወፍ እንደ ሆነ ይለያል። ግሪሳ በመንጋ ወርዶ ማሳውን ባዶ ያስቀራል፤ ሌላው ግን ጥቂት ለቅሞ ይሄዳል፤ ትል ለቅሞ የሚጠቅምም አለ። ስለ ወፍ ሁሉ አንድ ታሪክ የሚያወራ ጠባቂ አዝመራውን አያድንም። ከዚያ ቆላ የመጣ ተማሪም ወደ ሥነ ሕይወት ክፍል ሲገባ ይህን የመለየት ልማድ ከደጅ ጥሎ መግባት የለበትም።

እንግዲህ እንለይ። ማንቲስ ሽሪምፕ እውነተኛ ሽሪምፕ አይደለም። ስቶማቶፖዳ በተባለ ራሱን በቻለ ምድብ የሚቈጠር ቅርፊት ለባሽ ሲሆን፣ ከ450 የማያንሱ ዝርያዎች አሉት። ስሙን ያገኘው የፊት እግሮቹን አጥፎ የሚጸልይ መስሎ ከሚያደባው፣ ማንቲስ ከሚባለው ነፍሳት ጋር በክንዱ ስለሚመሳሰል ነው። ሮይ ካልድዌልና ሂዩ ዲንግል የተባሉ ሊቃውንት በ1970ዎቹ ዓመታት በአዳኝ ክንዳቸው ዓይነት በሁለት ወገን ከፈሏቸው፤ አንዱ ሰባሪ፣ ሁለተኛው ወጊ ነው። የሰባሪው ክንድ እንደ መዶሻ የደነደነ ሲሆን፣ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ በድንጋይና በኮራል መካከል እየኖረ ሸርጣንና ቀንድ አውጣ ይሰብራል። የወጊው ክንድ ግን እንደ መንሽ ጥርስ የሾለ ነው፤ በአሸዋና በጭቃ ውስጥ ጉድጓድ ቈፍሮ፣ ከአፉ ላይ አድብቶ፣ የሚያልፈውን ዓሣና ሽሪምፕ ይወጋል።

ስለ ቡጢው የሚነገረው ሁሉ የሰባሪው ነው። በ2004 ሺላ ፓቴክና ባልደረቦቿ ኦዶንቶዳክቲለስ ስኪላረስ የተባለውን ሰባሪ መርምረው፣ ምቱ በውሃ ውስጥ በሴኮንድ እስከ 23 ሜትር እንደሚፈጥን አሳወቁ። ይህም ፍጥነት ከጡንቻ ብቻ የተገኘ አይደለም፤ ክንዱ እንደ ተለጠጠ ቀስት ኃይሉን አከማችቶ በአንድ ጊዜ ስለሚለቀው ነው። ነገር ግን በ2012 ሁለት የወጊ ዝርያዎች በተለኩ ጊዜ ምታቸው በሴኮንድ ከ6 ሜትር በታች ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ «ማንቲስ ሽሪምፕ እንዲህ ይፈጥናል» ብሎ ያለ ልዩነት መናገር ወጊውን በሰባሪው ልብስ ማስጌጥ ነው።

የዓይኑ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በ2014 ሃነ ቶንና ባልደረቦቿ እንስሳቱን ቀለም እያስለዩ ፈተኑአቸው። ብዙ ተቀባይ ያለው ዓይን የተቀራረቡ ቀለሞችን ከእኛ ይልቅ አጥርቶ ይለያል ተብሎ ቢጠበቅም፣ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ልዩነት ከ12 እስከ 25 ናኖሜትር ሲጠጋጋ መለየት ተሳናቸው፤ ሰው ግን የጥቂት ናኖሜትር ልዩነት ይበቃዋል። የተቀባይ ብዛትና የማየት ብልጫ አንድ አይደሉም ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ስኩዊላ ከተባለው ቤተሰብ የተመረመሩት ዝርያዎች ዓይን አንድ ዓይነት የብርሃን ቀለም ተቀባይ ብቻ ያለው ሆኖ ተገኝቷል። በደፈረሰ ውሃ ለሚኖር ወጊ አሥራ ሁለቱ ምን ያደርጉለታል?

ይህ የስኩዊላ ቤተሰብ እኛን ይመለከታል። በ1880 ሮቢ ኮስማን የተባለ ጀርመናዊ ስለ ቀይ ባሕር እንስሳት ሲጽፍ፣ ለአንዱ ስኩዊላ ማሳወንሲስ የሚል ስም ሰጠው፤ «የምጽዋው» ማለት ነው። ዛሬ ኤሩጎስኩዊላ ማሳወንሲስ ይባላል። የስዌዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ ይኸው ዝርያ ወደ ሜዲትራንያን ተሻግሮ በ1930ዎቹ በግብፅ ባሕር ታየ። ምጽዋም ከ1993 ወዲህ በነፃይቱ ኤርትራ ውስጥ ስለ ሆነች፣ ስሙ የሚያስታውሰን ባሕር ዛሬ የጎረቤታችን ነው።

የምጽዋው ዝርያ መዶሻም ኅብረ ቀለምም የለውም። በጭቃና በአሸዋ ይኖራል፤ መርከብ በሚጎትተው መረብም ከሽሪምፕ ጋር ይወጣል። ይሁን እንጂ ለዓሣ አጥማጁ የሚጠቅመው እውቀት የተሰወረው በዚህ ወገን ላይ ነው። የቅርብ ዘመዱ የሆነውን የሜዲትራንያን ስኩዊላ እንውሰድ፤ እንስቲቱ እንቍላሏን በእግሮቿ ታቅፋ በጉድጓዷ ውስጥ ስለምትቈይ፣ በዚያ ወራት በመረብ የምትያዘው ጥቂት ናት። መረቡ ያወጣውን ቈጥሮ «ባሕሩ ውስጥ ያለው ይህን ያህል ነው» የሚል ሰው ይሳሳታል። እንዲህ ያለው ነገር ግን ከቡጢው ጋር ሲወራ አይሰማም።

«መደነቅ ተማሪውን ወደ ትምህርት ይጠራዋል፤ ለምን ትነቅፈዋለህ?» የሚለኝ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ መደነቅ በር ነው። በሩ ላይ ቆሞ የቀረ ግን ቤቱን አላየም።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስለን። የሮቢ ውሃ የሚፈስሰው ወደ አዋሽ ነው፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። የይፋት ልጅ የባሕሩን ፍጥረት የሚያውቀው በመምህሩ ቃል ብቻ ነው፤ ከእኛም መካከል ነገ መምህር የሚሆኑ ብዙ ናቸው። ልጁ የነገርነውን በዓይኑ አይቶ ሊያርመን አይችልም። ስለዚህ ከመናገራችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ የትኛው ዝርያ ነው? የሚኖረው በምን ዓይነት ስፍራ ነው? የታወቀውስ በምን ፈተና ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ለመልመድ ባሕር አያስፈልግም፤ በአገራችን ወንዞች ድንጋይ ሥር ያለው ሸርጣን ይበቃል። በማሽላ ማማ ላይ ያለው ልጅም የመጀመሪያውን ጥያቄ ከእኛ ቀድሞ ጠይቆታል።