ቅዱስና ነጣቂ፦ የዛጉዌ ታሪክ በሰቆጣ መማሪያ ክፍል

በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉ የዋግ ኽምራ ወረዳዎች የሚኖር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የዛጉዌን ዘመን ታሪክ የሚማረው ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያ የሚማረው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ቅዱስ ላሊበላና ቅዱስ ነአኵቶ ለአብ ንግሥናን ከቅድስና ጋር አጣምረው የያዙ አባቶች ተብለው ሲዘከሩ እየሰማ ያድጋል፤ የላሊበላ በዓል የሚውለውም የዓመቱ ፈተና በሚቃረብበት ሰሞን፣ ሰኔ 12 ቀን ነው። ሁለተኛውን ትምህርት ከመማሪያ መጽሐፍ ያገኛል። በዚያም በ1262 ዓ.ም. ይኩኖ አምላክ ሲነግሥ ሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት «ተመለሰ» የሚለውን፣ በትምህርት መጻሕፍት ለብዙ ዘመን የቆየውን አነጋገር ያነባል። ተመለሰ ከተባለ አስቀድሞ የተወሰደ ነገር አለ ማለት ነው። የወሰደው ማን እንደሆነ መጽሐፉ ባይናገርም፣ አገው የሆነው ተማሪ መልሱን ለመገመት አይቸገርም።

ይህች አንዲት ግሥ ከየት እንደመጣች ለተማሪው የሚነግረው የለም። የሰሎሞንንና የንግሥተ ሳባን ታሪክ የመንግሥት መሠረት አድርጎ ያቀረበው ክብረ ነገሥት አሁን ባለው የግእዝ መልኩ የተዘጋጀው በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በአክሱም ንቡረ እድ በይስሐቅና በባልደረቦቹ እጅ ነው። ዛጉዌ ከወደቀ ግማሽ ምእት ያህል ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ደጋፊያቸው የነበረው የእንደርታው ገዥ ያዕቢከ እግዚእም ኋላ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ላይ ያመፀ ሰው መሆኑ ሲታሰብ፣ መጽሐፉ መጀመሪያ ለማን ክብር እንደታሰበ እንኳ አከራካሪ ይሆናል። ትረካው ግን የመንግሥት ሕግ እስከ መሆን ደርሷል፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በሁለተኛው አንቀጹ የንጉሡን ዘር ከቀዳማዊ ምኒልክ ያያይዝ ነበር። በዚያ ዘመን የነበረ የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ ሌላ ቃል ባይመርጥ የሚፈረድበት አይደለም። የሚያስገርመው ዙፋኑ በ1967 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ቃሉ ለብቻው ቆሞ መቅረቱ ነው።

የዘመኑ ሰነዶች ከመጽሐፉ ይልቅ ጥንቁቆች ናቸው። ከዛጉዌ ነገሥታት አንዱ የሆነው ጠንጠውድም የንግሥና ስሙ ሰሎሞን እንደነበረ በስሙ ከቆየው የጉልት ሰነድ ይታወቃል። «ሰሎሞናዊ አይደሉም» በተባለው ሥርወ መንግሥት ውስጥ ሰሎሞን የተባለ ንጉሥ መገኘቱ ለአንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ውይይት የሚበቃ ጉዳይ ነው። ማሪ ሎር ደራ የተባሉት ፈረንሳዊት የታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ይህን ሥርወ መንግሥት በአንድ ጊዜ ቅዱስም ነጣቂም የተባለ እንቆቅልሽ አድርገው ማቅረባቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የዛጉዌ ፍጻሜም እንዲሁ በአንድ ቃል አይነገርም። አንዱ ትውፊት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሁለቱን ወገኖች አስታርቀው ዙፋኑ በሰላም እንደተላለፈ ይናገራል። ሌላው ይኩኖ አምላክ የመጨረሻውን የዛጉዌ ንጉሥ በጋይንት በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደገደለው ይተርካል። የዋግ ትውፊት ደግሞ ቃል ኪዳን ነበር ይላል፤ ዙፋኑ ሲተላለፍ ዋግ ለዛጉዌ ዘር ርስት ሆኖ ቀረ፤ ዋግ ሹሙም በንጉሡ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ ክብር ተጠበቀለት። የሰቆጣ ተማሪ ከአያቱ የሚሰማው ይህንኑ ነው፤ በመጽሐፉ ግን አያገኘውም።

ለዚህ ዓይነቱ ችግር በሌላ አገር የተሞከረ መፍትሔ አለ። እስራኤላዊው የሥነ ልቡና ምሁር ዳን ባርኦንና ፍልስጤማዊው የትምህርት ምሁር ሳሚ አድዋን ከሁለቱም ወገን መምህራን ጋር ለአይሁድና ለዐረብ ወጣቶች ያዘጋጁት መጽሐፍ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ትረካ ያሰፍራል። የ1917ቱን የባልፎር መግለጫ ወይም የ1948ቱን ጦርነት በአንድ ወገን እስራኤላውያን፣ በሌላው ወገን ፍልስጤማውያን በሚተርኩት መልክ ያቀርባል፤ በመካከል ያለው ቦታ ለተማሪው ጽሑፍ ባዶ ተትቷል። ባለሥልጣናት አልወደዱትም፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የእስራኤል ትምህርት ሚኒስቴር አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዳይጠቀምበት ከልክሏል። ያም ሆኖ ባዶው ዓምድ የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ነው፤ ተማሪውን ከአድማጭነት ወደ ጸሐፊነት ያሸጋግረዋልና።

ሆኖም ዘዴው እንዳለ ወደ ዋግ ቢዛወር ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። በዚያ አገር ሁለቱ ትረካዎች ሁለት ሕዝብ አላቸው፤ ተማሪዎቹም በአብዛኛው በተለያየ ትምህርት ቤት ይማራሉ። በሰቆጣ ግን ሁለቱም ትረካዎች በአንድ ተማሪ ልብ ውስጥ ይገኛሉ። ላሊበላን የሚያከብረው አገው ብቻ አይደለም፤ ክብረ ነገሥትን የሚያከብረውም አማራ ብቻ አይደለም። ገጹ «የአገው» እና «የአማራ» ተብሎ ቢከፈል መጽሐፉ የሌለ ግንብ ይሠራል። ይህም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት ሰቆጣ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈችበት፣ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ልጆች በተጠለሉበት አካባቢ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋግ ሹም ጎበዜን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በአባቱ የዋግ ሹሞች፣ ማለትም የዛጉዌ ዘር ነው፤ በእናቱ በኩል ደግሞ የሰሎሞናውያን ዘር ነኝ ይል ነበር። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ፤ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ ድል ያደረገው ካሣ ምርጫ፣ የኋላው ዐፄ ዮሐንስ፣ የሚስቱ የድንቅነሽ ወንድም ነበር። ይህ ሰው በየትኛው ዓምድ ይጻፋል? በብዙ ክፍል ውስጥ መምህሩ ከቴዎድሮስ ወደ ዮሐንስ ተሻግሮ ስለሚያልፍ ጥያቄው አይነሣም። (በሰቆጣ እንኳ መሻገሩ ልማድ ከሆነ ጥፋቱ የመምህሩ ብቻ አይደለም፤ መርሐ ግብሩ የሰጠው ጊዜ አጭር ነው።)

ስለዚህ ዓምዶቹ በሕዝብ ሳይሆን በሰነድ ቢከፈሉ ይሻላል። በአንዱ የጠንጠውድም የጉልት ሰነድ፣ በሁለተኛው የክብረ ነገሥት ሐሳብ ከተጻፈበት ዘመን ጋር፣ በሦስተኛው የዋግ ትውፊት፣ በአራተኛው ባዶ ቦታ ይሁን። ተማሪው በየዓምዱ ሥር ማን፣ መቼ፣ ለማን እንደጻፈው ወይም እንደተናገረው ያስቀምጥ። ለሦስተኛው ዓምድ የሚሆነው ቃል ከሽማግሌዎች የሚሰበሰበው በኽምጣኛ ነው፤ ኽምጣኛ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ቦታ አግኝቷል፤ በሁለተኛ ደረጃ የታሪክ ክፍል ግን እንደ ምንጭ ቋንቋ ሲቆጠር አይታይም። ተማሪው የአያቱን ንግግር በተነገረበት ቋንቋ ጽፎ ከጎኑ አማርኛውን ቢያኖር፣ በትርጉም ጊዜ ምን እንደሚጎድል በራሱ እጅ ይረዳል።

የዕቅድ ክፍል ባለሙያዎች ከዚህ ላይ የሚያነሡት ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ስለሆነ አንድ ትክክለኛ መልስ ይፈልጋል። ተቃውሞው እውነት አለው፤ መምህሩም ለፈተና በማይመጣ ነገር የተማሪውን ጊዜ ለማሳለፍ ቢያመነታ አይወቀስም። ነገር ግን የምርጫ ጥያቄም ቢሆን «ሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት የተመለሰው መቼ ነው?» ከማለት ይልቅ «ተመለሰ የሚለው አነጋገር የተደገፈው በየትኛው ምንጭ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ለሁለቱም አራት አማራጭ ይበቃል።