ደራሲውን በስሙ መጥራት

የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ስም በአንድ መስመር እንዳለ ወደ ማጣቀሻ ማደራጃ ሶፍትዌር ሲገባ፣ ሶፍትዌሩ የመጨረሻዋን ቃል ይነጥልና «ሥላሴ» የቤተሰብ ስም፣ «ኅሩይ ወልደ» የግል ስም ነው ብሎ ይመዘግባል። ጥፋቱ በዚያ አያበቃም። በሐተታው ውስጥ ደራሲው «ሥላሴ» ተብለው ይጠቀሳሉ፤ በዋቢ መጻሕፍቱም በ«ሠ» ተራ ይሰለፋሉ። በ«ኀ» የሚፈልጋቸው አንባቢ አያገኛቸውም።

የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ጥናት ሳነብ ከኋላ፣ ከዋቢ መጻሕፍቱ እጀምራለሁ። ተማሪው ምን እንዳነበበ፣ ያነበባቸውንም ሰዎች ምን ያህል እንደሚያውቃቸው እዚያ ይታያል። ይህን ስል ሶፍትዌሩን ተዉት ማለቴ አይደለም። ያለ እሱ ረጅም ጥናት መጻፍን ለማንም አልመክርም። በእጅ የተሠራ የዋቢ ዝርዝር ጽሑፉ በተቆረጠና በተቀጠለ ቁጥር ይዛነፋል፤ በሐተታው የተጠቀሰው ከዝርዝሩ ይጎድላል፣ ከሐተታው የተሰረዘው በዝርዝሩ ይቀራል። ሶፍትዌሩ ሁለቱን አስተሳስሮ ይይዛቸዋል። ዩኒቨርሲቲው በኤፒኤ፣ መጽሔቱ በቺካጎ የአጠቃቀስ ስልት ቢፈልግም ለውጡ የደቂቃ ሥራ ነው።

ለተማሪዎቼ የምመርጠው ዞቴሮን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ የወጣ፣ ዋጋ የማይከፈልበት ሶፍትዌር ነው። ከተመሳሳዮቹ ኤንድኖት በገንዘብ ይገዛል፤ ሜንደሌይ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የኤልሴቪየር ኩባንያ ንብረት ሆኗል። ዞቴሮ መዝገቡን በራስ ኮምፒውተር ላይ ስለሚያስቀምጥ ኢንተርኔት ሲቋረጥም ሥራ አይቆምም። ይህ አገር ቤት ለሚያጠና ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ስሙ ልመለስ። የሶፍትዌሩ የስም መሙያ ቅጽ የተሰናዳው የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ ነው፤ እኛ ደግሞ የራሳችንን ስምና የአባታችንን ስም ነው የምንይዘው። የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ እንደጻፉት» ብሎ መጥቀስ መጽሐፉን ለአባትየው መስጠት ነው። ቪስባደን ላይ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ተራ ያስገባል፤ በሁለቱ ስሞች መካከልም ነጠላ ሰረዝ አያገባም። ዞቴሮም ይህን ይችላል። ከስሙ ሣጥኖች አጠገብ ያለችው ትንሽ ምልክት ስትነካ ሁለቱ ሣጥኖች አንድ ይሆናሉ፤ «ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ» ብሎ ሙሉውን እዚያ መጻፍ ነው። ከዚያ በኋላ ሶፍትዌሩ ስሙን አይገለብጠውም፣ በምኅጻረ ቃልም አይቆርጠውም።

ግን ይህንንም በጅምላ ማድረግ አይገባም። በውጭ አገር የሚኖሩ ብዙ ምሁራን የአባታቸውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም አስመዝግበው፣ ጽሑፎቻቸውንም ሁሉ በዚያ ያወጣሉ። እነሱን እንደ ፈረሙት መጥቀስ መከበሪያቸው ነው። ለዚህ ሕግ ስለማይበቃ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ ከፍቶ ማየት ግድ ነው።

ከስም ይልቅ የሚያሳስበኝ ዓመተ ምሕረቱ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ተማሪው በቀን ሣጥኑ ውስጥ «1958 ዓ.ም.» ብሎ ቢጽፍም፣ በደራሲና በዓመት የሚጠቅሱት ስልቶች ቁጥሩን ብቻ ያወጣሉ፤ «ዓ.ም.» የምትለዋ ትቀራለች። በእንግሊዝኛ በተጻፈ ጥናት ውስጥ ይህ ቁጥር ሲነበብ ልቦለዱ እነ መንግሥቱ ንዋይና ገርማሜ ንዋይ ከሞከሩት መፈንቅለ መንግሥት በፊት የወጣ ይመስላል። ሙከራው የተደረገው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1960 ነው፤ መጽሐፉ የመጣው ከእሱ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ልቦለዱ ለዚያ ሙከራ መንገድ ጠረገ ወይስ ከእሱ በኋላ በተፈጠረው አየር ውስጥ ተነበበ የሚለው ክርክር በዚህች ቁጥር ብቻ ሊገለበጥ ይችላል። ተማሪው በሐተታው ምንም ያህል ቢጠነቀቅ፣ የዋቢ ዝርዝሩ ሌላ ታሪክ እየነገረበት ነው።

ስለዚህ ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ በቀን ሣጥኑ የፈረንጁን ዓመት እናስገባለን፤ መጽሐፉ ላይ የታተመውን ደግሞ በተጨማሪ ማስታወሻው ሣጥን እንዳለ እንይዘዋለን። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው። መጽሐፉ ወሩን ከጠቀሰ ወሩም ይመዝገብ፤ ያለ እሱ ሰባት ይሁን ስምንት አይታወቅም። ለአማርኛ ጽሑፍ የእኛኑ አቆጣጠር ይዞ የውጭዎቹን በ«እ.ኤ.አ.» መለየት ይሻላል። የትኛውም ይመረጥ፣ በመግቢያው ላይ በግልጽ ይነገር።

ፊደሉም የራሱ ጣጣ አለው። ሶፍትዌሩ ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ መሆኑን አያውቅም። «ሀዲስ አለማየሁ» ብሎ የፈለገ «ሐዲስ ዓለማየሁ»ን አያገኝም፤ መዝገቡ ውስጥ ሁለቱም ካሉ አንዱ ደራሲ በሁለት ተራ ተከፍሎ ይወጣል። እኔ ደራሲው ራሱ በጻፈበት ፊደል ብቻ እንዲመዘገብ አደርጋለሁ። የዩኒኮድ ፊደል ከመስፋፋቱ በፊት ከተሠሩ ፒዲኤፎች የሚቀዳ ጽሑፍ ግን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ስለሚወጣ ርእሱን እንደገና መተየብ እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ይህ ሁሉ እርማት መሠራት ያለበት መዝገቡ ውስጥ ነው። ብዙዎች ስሕተቱን የሚያዩት ጽሑፉ ሲያልቅ ነውና ዎርድ ላይ በእጃቸው ያስተካክሉታል፤ ሶፍትዌሩ ዝርዝሩን ባደሰ ጊዜ ግን እርማቱ ተጠርጎ የቀድሞው ይመለሳል። መጽሐፉ ገና በእጅ እያለ፣ በገባበት ዕለት ማረም ነው። ዲኦአይ ወይም አይኤስቢኤን ያለው ሥራ በቁጥሩ ተጠርቶ ይመጣል። አይኤስቢኤን ዓለም አቀፍ መለያ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1970 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የታተሙት የአማርኛ መጻሕፍት ሲወጡ ይህ ቁጥር አልነበራቸውም። እነሱ ማተሚያ ቤታቸውም ከተማቸውም በእጅ ይመዘገባሉ። ጊዜ ይወስዳል፤ የሚገባው ጊዜ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያቀርባቸው ማጣቀሻዎች በመጡ ወዲህ ደግሞ በዓለም ላይ የሌለ መጽሐፍ ደራሲና ገጽ ተበጅቶለት መዝገብ ውስጥ ሲገባ አያለሁ። ዞቴሮ የተሻሩ ጥናቶችን ከሪትራክሽን ዎች የመረጃ ቋት አመሳክሮ ያስጠነቅቃል፤ በእጅ የተተየበ ሐሰተኛ መጽሐፍን ግን አሳምሮ ያሰልፈዋል። ከእያንዳንዱ መዝገብ ሥር ከመጽሐፉ በራስ የተወሰደ ማስታወሻ ከነገጽ ቁጥሩ እንዲኖር የምጠይቀው ለዚህ ነው። ማስታወሻ የሌለውን መዝገብ እንዳልተነበበ እቆጥረዋለሁ።

አንድ የትምህርት ክፍል ይህን ልፋት በጋራ ቢይዘው መልካም ነው። ዞቴሮ ለቡድን የጋራ መዝገብ ይከፍታል፤ በየዓመቱ የሚገባ ተማሪ ያንኑ መጽሐፍ ከዜሮ ከሚያርም፣ የቀደመው ያስተካከለውን ይወስዳል፣ የጎደለውን ይጨምራል። በነጻ የሚሰጠው የድረ ገጽ ማከማቻ 300 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ቦታ የሚይዙት ፒዲኤፎቹ ናቸው እንጂ መዝገቦቹ አይደሉም። ፒዲኤፍ ያልተያያዘበት ዝርዝር በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ቢይዝም አያስከፍልም።