የከፈለ ይጽፋል

በ17ኛው መቶ ዘመን ጎንደር ከእስያ ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረች ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ መጀመሪያ የሚከፍተው ዜና መዋዕሉን ነው። ደግ ያደርጋል፤ ብዙ ግን አያገኝም። የዜና መዋዕል ጸሐፊ ዓይኑ ዘመቻ ላይ፣ ሹም ሽር ላይ፣ የሃይማኖት ጉባኤ ላይ ነው። ዕቃ ጭኖ ባሕር ተሻግሮ ዓመታት ቆይቶ የሚመለስ ነጋዴ መልእክተኛ ለእሱ ትልቅ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ መልእክተኛ ግን ነበረን። ሖጃ ሙራድ ይባላል፤ የሐለብ አርመናዊ ነው። ለዐፄ ፋሲል፣ ለልጃቸው ለዐፄ ዮሐንስ፣ ለልጅ ልጃቸው ለዐፄ ኢያሱ ተልኳል። ዴልሂ ድረስ ሄዶ በሞጉሉ ንጉሠ ነገሥት በአውራንግዜብ ፊት ቆሟል፤ ዛሬ ጃካርታ ወደምትባለው ወደ ባታቪያ ደጋግሞ ተሻግሯል።

ይህን ሰው በዝርዝር የምናገኘው እንግዳ አድርገው ካስተናገዱት፣ ከመገቡት፣ ስጦታ ተቀብለው ስጦታ ከመለሱለት ሰዎች መዝገብ ውስጥ ነው። ታሪክ ሳስተምርና የመመረቂያ ጽሑፍ ሳማክር ለተማሪዎቼ በመጀመሪያው ቀን የምነግራቸው ይህን ነው፤ የከፈለ ይጽፋል። ከጎንደር ሆኖ በኢንተርኔት የእስያን ማኅበረሰብና ፖለቲካ ማጥናት የሚፈልግ ሰው ጥያቄውን ወደ መፈለጊያው ሳጥን ከመጻፉ በፊት «ይህን ነገር መጻፍ ግዴታ የነበረበት ማን ነው? ለማንስ ነበር የሚያስረዳው?» ብሎ ይጠይቅ። መዝገብ የሚደራጀው እንደ ጻፈው መሥሪያ ቤት አሠራር እንጂ እንደ እኛ ጥያቄ አይደለም።

የደች ምሥራቅ ህንድ ኩባንያን እንውሰድ። በ1602 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ (ከዚህ በኋላ ካልገለጽኩ በቀር ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሁለት መቶ ዓመት ገደማ የሠራ የንግድ ድርጅት ነው። የባታቪያ ሹማምንቱ ላወጡት ወጪ በሆላንድ ለተቀመጡት አሥራ ሰባት ዳይሬክተሮች መልስ መስጠት ነበረባቸው። ስለዚህ ከኢትዮጵያ ንጉሥ የተላከ ሰው ወደቡ ላይ ሲወርድ ይመዘግባሉ፤ ምን አመጣ፣ የት አደረ፣ ምን ተሰጠው፣ በየትኛው መርከብ ተመለሰ። ሙራድ ካመጣቸው ስጦታዎች መካከል የሜዳ አህዮች ነበሩ። በባታቪያ ብርቅ እንስሳ ስለነበር ኩባንያው መልሶ ለጃፓን ገዢ ስጦታ አደረገው። ከአገራችን ቆላ የተነሣ እንስሳ በጎንደር ንጉሥ ስም ጃፓን የደረሰበትን መንገድ የምናውቀው ሒሳብ ይይዙ በነበሩ ሰዎች ምክንያት ነው።

የኩባንያው ወረቀት ዛሬ በሄግ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። መደርደሪያው ቢዘረጋ ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በ2003 በዩኔስኮ የዓለም መዘክር ውስጥ ተመዝግቧል። አብዛኛው ስካን ተደርጎ ማንም በነጻ ሊያየው ይችላል። ግሎባላይዝ የተባለ የሆላንድ ተመራማሪዎች ፕሮጀክት ደግሞ አምስት ሚሊዮን ያህል የእጅ ጽሑፍ ገጾች በኮምፒውተር እንዲነበቡና በቃል እንዲፈለጉ አድርጓል። በኢንዶኔዢያ በኩል የጃካርታው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የባታቪያን ምሽግ የዕለት መዝገብ በድረ ገጽ አቅርቧል። ድሮ አንድ የጎንደር መምህር ይህን ለማየት የአውሮፕላን ትኬት፣ ቪዛና የወራት ቀለብ ያስፈልገው ነበር።

ይሁን እንጂ በሩ ክፍት መሆኑ ብቻ መግባት ማለት አይደለም። ተማሪዎች ሙራድን ዛሬ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት በሚጻፍበት ሆሄ ይፈልጉና ምንም ሳያገኙ ይመለሳሉ። ደች የ«ኡ»ን ድምፅ የሚጽፈው በሁለት ፊደል ነው፤ የ17ኛው መቶ ዘመን ጸሐፊ ደግሞ ያንኑ ስም በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት አድርጎ ሊጽፈው ይችላል። መጨረሻው አንዴ በ«ድ» አንዴ በ«ት» ይሆናል፤ «ሖጃ» የሚለው ማዕረግ አንዴ በ«ኮ» አንዴ በ«ሖ» ይጀምራል። በዚያ ላይ ኮምፒውተሩ ራሱ የእጅ ጽሑፉን ሲያነብ ይስታል። ስለዚህ ሙሉ ስም ከመጻፍ የማይለወጡትን ተነባቢዎች ይዞ በቀረው ቦታ የኮከብ ምልክት ማስገባት ይሻላል። ከስሙ ጋርም በአጠገቡ ሊኖር የሚችለውን ነገር መፈለግ ነው፤ አቢሲኒያ፣ ንጉሠ ነገሥት፣ ሞካ፣ አርመናዊ፣ አህያ። የሜዳ አህያው ራሱ በሁሉም ዘንድ በአንድ ስም አይታወቅም ነበርና በዴልሂ ቆዳውን ያየው ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንስዋ በርኒዬ የበቅሎ ቆዳ ብሎታል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አቋራጭ አለ፤ የግርጌ ማስታወሻ። ኤመሪ ቫን ዶንዘል የተባሉት ሆላንዳዊ ምሁር በ1979 የሙራድን ጉዞዎች የሚመለከቱ ሰነዶችን ሰብስበው አሳትመዋል። በግርጌ የተጻፈውን የመዝገብ ቁጥር ወስዶ በሄጉ ካታሎግ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ጥራዙ ይከፈታል። ከዚያ ቅጠሉን ቆጥሮ ደርሶ የፊተኛውንና የኋለኛውን ገጽ ማንበብ። አዲስ ነገር የሚገኘው ምሁሩ ከጠቀሱት ገጽ አጠገብ፣ እሳቸው ለሌላ ጥያቄ ሲሉ ባለፉት ገጽ ላይ ነው።

የዓመት አቆጣጠርም ሌላ ወጥመድ ነው። አውራንግዜብ ዘንድ የተላኩት ሙራድና አንድ ሙስሊም ነጋዴ ሱራት ወደብ ሲደርሱ የማራታው መሪ ሺቫጂ ከተማዋን ዘረፋት። ይህ የሆነው በጥር 1664 ነው። በሱራት የነበሩ የእንግሊዝ ነጋዴዎች ግን አዲስ ዓመታቸው የሚጀምረው በመጋቢት ስለነበር ያንኑ ወር 1663 ብለው ይጽፉታል፤ ቀናቸውም ከደቾቹ በአሥር ቀን ወደ ኋላ ይቀራል። በእኛ አቆጣጠር ጥር 1656፣ የጥምቀት ሰሞን ነው። ይህን ያልለየ ተማሪ አንዱን ዘረፋ ሁለት ዘረፋ አድርጎ ይጽፋል። የየመኑ ሰነድ ሲመጣ ደግሞ ሂጅራው ይጨመራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ ማስታወሻው ላይ አራት ዓምድ እንዲያሰምርና ሰነዱ የሚለውን ቀን መጀመሪያ እንዳለ እንዲገለብጥ፣ ከዚያ በኋላ እንዲያመሳክር እጠይቃለሁ። ሥራው አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ የእንግሊዝ፣ አንድ የደችና አንድ የፈረንሳይ ጽሑፍ ስለ አንድ ቀን እየተናገሩ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው።

የበርኒዬ መጽሐፍ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በጋሊካ ድረ ገጽ፣ የ1891ዱ የእንግሊዝኛ እትም ደግሞ በኢንተርኔት አርካይቭ ይገኛል። እሱ እንደሚለው ከዘረፋው በኋላ መልእክተኞቹ የተረፋቸው ደብዳቤያቸውና ጥቂት ዕቃ ነበር። አውራንግዜብ ተቀብሏቸዋል፤ በኢትዮጵያ የፈረሰ መስጊድ እንዲታደስም ገንዘብ ሰጥቷል። በርኒዬ ስለ መልእክተኞቹ ድህነት በንቀት ይጽፋል፤ በዚያው መጽሐፍ ግን ስለ ዓባይ ምንጭ ሙራድን አጥብቆ ይጠይቀዋል። እንዲህ ያለ ምንጭ ሲነበብ ንቀቱን ለብቻ፣ ያየውን ለብቻ መለየት ይገባል። ማን በሩን እንደከፈተላቸው፣ ማን እንደጋበዛቸው፣ ምን እንደጠየቋቸው በርኒዬ ያየው ነው፤ ድሆች ናቸው ማለቱ የሞጉልን ግብር የለመደ ሰው መለኪያ ነው።

ወደ የመን ስንሻገር የጻፈው ነጋዴ አይደለም፤ የፍርድና የሃይማኖት ሰው ነው። ዐፄ ፋሲል የቱርክ ይዞታ የነበረችውን ምፅዋን የሚተው የንግድ መንገድ በቀይ ባሕሩ ወደብ በበይሉል በኩል ለመክፈት ለየመን ኢማም ጻፉ። ኢማሙ ንጉሡ ሊሰልሙ ይሆናል ብሎ ተስፋ አደረገና ቃዲ ሐሰን ኢብን አሕመድ አል ሐይሚን ላከ፤ በ1648 ጎንደር ገባ። አል ሐይሚ ጉዞው የታሰበውን ባያስገኝም ለላከው ጌታ መልስ መስጠት ነበረበት፤ ስለዚህ የአፋርን በረሃ፣ የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት፣ የግንቡን ውበት ጽፎ አስቀመጠልን። ግንቡን የሠራው ህንዳዊ ባለሙያ መሆኑን የሚናገረውም እሱ ነው። ማንኛችንም በፋሲል ግቢ ደጅ ስናልፍ የምናየው ኖራና ድንጋይ ከህንድ ጋር የሚያገናኘን ምስክርነት ከየመን መምጣቱ ልብ ሊባል ይገባል።

ለዚህ ጥናት የምወደው ድረ ገጽ በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት የንባብ ክፍል ነው። በ1973 በተጀመረው ሥራ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች እዚያ አሉ። በዚያው መደርደሪያ የየመን ዘይዲያ ብራናዎችም አሉ፤ አል ሐይሚ የመጣበት የዕውቀት ዓለም ማለት ነው። ተመዝግቦ መግባት ነጻ ነው። አንድ ተማሪ ጠዋት የጎንደርን ገድል፣ ከሰዓት የሰንዓን የፍርድ መጽሐፍ ከአንድ ወንበር ሳይነሣ ማየት ይችላል።

ቃል የማይነግረንን ዓይን የሚነግረን ጊዜም አለ። የጎንደር ዘመን ብራናዎች የእንጨት ገበታቸው በቆዳ ሲለበጥ በውስጥ በኩል መሐሉ ላይ አራት ማዕዘን ጨርቅ ይለጠፍበታል። ካታሎጉ ብዙ ጊዜ ስለዚህ ጨርቅ አንድ ቃል ብቻ ይላል ወይም ጭራሽ ይዘለዋል። ተማሪዎቼ ግን መጀመሪያ ወደ ገበታው እንዲሄዱ አደርጋለሁ። ምስሉን አጉልተው ሲያዩት አበባ የታተመበት የህንድ ጥጥ ይሆናል፤ ሌላው ላይ ሐር ነው። ከመቅደላ ተወስዶ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘውን ትልቁን የጎንደር የሐር መጋረጃም በሙዚየሙ ድረ ገጽ ማየት ይቻላል፤ የሸመነው የእኛ ሰው ነው፣ ክሩ ከቻይና የመጣ ሐር ነው። ስለ ቻይና አንድ ቃል ያልጻፈ ቤተ መንግሥት የቻይናን ክር በመቅደስ ሰቅሎ ነበር። ምስልን እንደ ሰነድ ማንበብ ያልለመደ ተመራማሪ ይህን ያልፈዋል።

በኢንተርኔት መመካትም ልክ አለው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የመመረቂያ ጽሑፋቸው ደመና ላይ የነበረ ልጆች ሥራቸው ቆሞ ከረመ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ የብሪቲሽ ላይብረሪ በሳይበር ጥቃት ተመትቶ የመቅደላን ብራናዎች ያሳይ የነበረው ገጽ ለወራት ተዘጋ። ስለዚህ ሕጌ ቀላል ነው። የተገኘ ገጽ ያኔውኑ ይወረዳል፤ የፋይሉ ስም ላይ የቤተ መዛግብቱ ስም፣ የጥራዙ ቁጥርና ቅጠሉ ይጻፋል፤ አንድ ቅጂ በኮምፒውተር፣ አንድ ቅጂ በፍላሽ፣ አንድ ቅጂ ጓደኛ ዘንድ ይቀመጣል። ከዳባትና ከደባርቅ የሚመጡ ተማሪዎች መብራትም ኔትዎርክም የሚጠፋበትን ያውቁታልና ከማንም በላይ ይህን ይጠብቃሉ፤ ከተማ ሲመጡ ያወርዳሉ፣ አገር ቤት ሲገቡ ያነባሉ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። የከፈለ ይጽፋል ካልን እኛስ የከፈልነውን የጻፍነው የት ነው? ጽፈናል። የጎንደር አድባራት የወንጌል መጻሕፍት ኅዳግ በመሬት ሽያጭ፣ በውርስና በጉልት ጽሑፍ የተሞላ ነው፤ ሻጩ፣ ገዢው፣ ዋጋው፣ እማኞቹ በስም አሉ። ዶናልድ ክረሚ በ2000 ያሳተመው የመሬትና የማኅበረሰብ ታሪክ በአብዛኛው የቆመው በእነዚህ ላይ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣው ዕቃ ጎንደር ገብቶ በማን እጅ እንደዞረ፣ ነጋዴው ትርፉን ምን ላይ እንዳዋለው የሚጠቁም ካለ እዚህ ኅዳግ ላይ ነው። አብዛኛው ግን በቃል ሊፈለግ በሚችል መልክ አልቀረበም።

እዚህ ላይ የጎንደር ልጅ ከማንም የተሻለ አቅም አለው። የሄጉ ባለሙያ የደችን የእጅ ጽሑፍ ያነባል፤ የኅዳጉን ግዕዝና አማርኛ ግን አያነብም፤ ቀሃ ማዶ ያለው ሰፈር የማን እንደነበረ አያውቅም። ጄምስ ብሩስ በ1770 በሊማሊሞ አድርጎ ሲገባ የጻፋቸውን የቦታ ስሞች የደባርቅ ልጅ አፍ ላይ ሲያስገባቸው ወዲያው ይለያቸዋል። የባታቪያን መዝገብ ማንበብ ይማራል፤ የራሱን ኅዳግ ማንበብ ግን ከቤቱ ይዞት መጥቷል። በካህናቱ ፈቃድና በእነሱው ጥበቃ ብራናው በቦታው ሳለ ኅዳጉን ፎቶ አንሥቶ፣ ገልብጦ፣ ስሞቹን በማውጫ አሰናድቶ ለዓለም ቢያቀርብ ከሆላንድ፣ ከየመንና ከህንድ መዝገቦች ጋር ፊት ለፊት የሚቆም የጎንደር መዝገብ ይኖረናል። የሙራድን ታሪክ እስካሁን የነገሩን የተቀበሉት ሰዎች ናቸው፤ የላኩትን ሰዎች ቃል ፈልጎ ማውጣት የእኛ ሥራ ነው፣ መሣሪያውም ዛሬ እጃችን ላይ አለ።